ቦይ የገባ ሰው አይታለፍም

ብላክ አልደር፣ ዊስኮንሲን
ጃንዋሪ 17 ቀን 1984

እትዬ ቬርና፣

እዚያ አሪዞና ብርድ አለ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እንደሌለ አውቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌው ረዝሟል፣ ግን ጓንቴን ስረሳ ይጠቅመኛል።

ደብዳቤህ ለምን አጠረ ላልሽው፣ ከተጋባን ጀምሮ የምትጽፍልሽ ኤልቪራ ነበረች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ደህና ነው በያት» ነበር የምላት፣ የቀረውን እሷ ትሞላው ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ አባባ ላሞቹን ሲያስረክበኝ ትምህርቱም እዚያው እንደቀረ ታውቂያለሽ። አሁን እሷ አፈር ውስጥ ናትና ከነአጭርነቴ ተቀበይኝ። ስልክ አስገባ የምትይውን ግን ተይው። በስልክ ሲያናግሩኝ በርሜል ውስጥ ሆነው የሚጮሁ ነው የሚመስለኝ።

ስለ ፖስታው ማን እንደነገረሽ አላውቅም፣ ግን ሰርቄ አይደለም የጠሩኝ። ከአውራጃው ፍርድ ቤት የመጣ መጥሪያ ነው። ሁለት ሰዎች በጉዳት ወይም በንብረት ሲካሰሱ፣ ቁጭ ብለው ሰምተው ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚወስኑ ስድስት ተራ ሰዎች አሉ አይደል፤ ከእነሱ አንዱ ሁን ነው የሚሉኝ። ጁሪ።

አልሄድም። ወተት ሳመላልስ በኖርኩበት ዘመን በየበረቱ ደጃፍ ስንት ነገር ሰምቻለሁ። አንዱን ለሌላው ሳላቀብል ነው ጡረታ የወጣሁት። በሰው ጠብ መሀል ዛሬ አልገባም። ጆሮዬ አይሰማም ብዬ እንዳልጽፍላቸው ይሰማል፣ ውሸት አይሆንልኝም። ስለዚህ ወንድሜ ግትር ነው ብለሽ አንቺ ጻፊልኝ። ጽሑፍሽ ያምራል።

ኦርቪል

ሜሳ፣ አሪዞና
ጃንዋሪ 24 ቀን 1984

አንተ ግትር፣

ግትርነትህን በጽሑፍ ማረጋገጥ አያስፈልግም፣ አውራጃው ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ያ መጥሪያ በስሜ መጥቶ አያውቅም። እናታችን ወጣት ሳለች ሴት ናት ተብላ እዚያ ወንበር ላይ ልትቀመጥ አትችልም ነበር። አንተ ደግሞ እቤትህ ድረስ መጥተው ሲለምኑህ ከድመትህ ጋር ምድጃ መሞቅ አማረህ። በሰው ጠብ አልገባም ትላለህ። ተጣልተው የሚቀሩትማ ገላጋይ ያጡ ናቸው፣ ወንድሜ።

ትሄዳለህ። ንጹህ ሸሚዝ ልበስ፣ ሰማያዊውን። የምታኝከውን ትምባሆ እቤት ተወው። ሰዓት አክብር፣ አምስት ሰው አንተን ብሎ እንዳይቀመጥ። ያልሰማኸው ቃል ካለ እጅህን አንሳና ይደገምልኝ በል፤ ኩራትህ ይዞህ እንደገባው ሰው አንገትህን አትነቅንቅ። ደግሞ ብታንቀላፋ ወሬው እኔ ዘንድ መድረሱ አይቀርም።

እህትህ ቬርና

ብላክ አልደር
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1984

እትዬ፣

ሰማያዊውን ለብሻለሁ። አላንቀላፋሁም። ከስድስቱ አንዱ ሆኛለሁ።

ነገሩ ስለ ምን እንደሆነና እነማን እንደሆኑ ጠይቀሽኛል። አልነግርሽም። መሐላ ነው። ከመሐላው በፊት የተባለውን ግን ልነግርሽ የምችል ይመስለኛል። ጠበቃው ተነሥቶ፣ «አቶ ቴስዳል፣ ከተከራካሪዎቹ የሚያውቁት አለ?» አለኝ።

«አንዱን አውቀዋለሁ፤ ወተቱን አመላልስለት ነበር።»

«ወዳጅዎ ነው?»

«ወዳጄም አይደል ጠላቴም አይደል። ውሻው ነክሶኛል፣ እሱ ግን አልነከሰኝም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ዳኛ ኒየሚ ግን አልሳቁም። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «ስለሚያውቁት ወደ እሱ ያዘነብላሉ? ወይስ ስለ ውሻው ብለው በእሱ ላይ?» አሉኝ።

«ክቡር ዳኛ፣ የየገበሬውን ወተት ስመዝን ነው የኖርኩት። ሚዛኑ ላይ እጄን አሳርፌ አላውቅም» አልኳቸው። ጻፉት። የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን እዚህ አገር የሚተዋወቀውን ሁሉ ካስወጡ የሚቀራቸው የመቃብር ድንጋይ ብቻ ነው።

ዳኛ ኒየሚ የሁለት አውራጃ ዳኛ ስለሆኑ እኛ ዘንድ የሚያስችሉት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ሳምንታት ይወስዳል። እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። እንደ ሕፃን አስቀምጠው፣ እንደ ትልቅ ሰው አክብረው ነው ያስረዱን። ስለ ጉዳዩ ለማንም አትናገሩ፣ እርስ በርሳችሁም ቢሆን ክርክሩ እስኪያልቅ አትነጋገሩ አሉ። ጋዜጣውን አታንብቡ። ነገሩ የደረሰበትን ቦታ ልያችሁ ብላችሁ በራሳችሁ አትሂዱ፤ እናንተ ያያችሁትን ጠበቆቹ ካላዩት በምን ይሞግቷችኋል አሉ። ባለጉዳዮቹን በኮሪደር ብታገኟቸው ደህና ዋላችሁ እንኳ እንዳትሉ፤ ተነግሯቸዋል፣ ንቀት ነው ብለው አይቀየሙም አሉ። የመጨረሻውን ቃል ሳትሰሙ ደግሞ በልባችሁ አትፍረዱ አሉ። ይሄኛው ነው የከበደኝ። እኔ ሰው በሩን ሲከፍት ነበር የምፈርደው።

ሰላምታ መንፈግም ቀላል አይደለም። ትናንት ወደ ቤት ስመለስ ከባለጉዳዮቹ አንዱ በመንገድ ገጠመኝ። ረስቶት ነው መሰለኝ እንደ ልማዳችን ሌባ ጣቱን ከመሪው ላይ አነሳልኝ። አባባ መኪና መንዳት ሲያስተምረን ከፍሬን በፊት ያስተማረን እሱን ነው። እኔ ሁለት እጄን መሪው ላይ እንደ ምስማር ተክዬ አለፍኩት። በዕድሜዬ ጣት ነፍጌ አላውቅም።

ካፌውም ቀርቶብኛል። ሰኞ ጠዋት ስገባ የኛ ጠረጴዛ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጊልበርት፣ «እህሳ ዳኛው፣ ማንን ልትሰቅልልን ነው?» አለ።

«አንተን፣ በሱሪ ማንጠልጠያህ» አልኩት።

«አይ፣ እውነት ግን ያ ነገር—» ብሎ ሲጀምር ቡናዬን ትቼ ወጣሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት እቤቴ እንቁላል እያሳረርኩ ነው። ድመቷ አንድ ነገር ብትጠይቀኝ እሷንም አስወጣታለሁ።

ኦርቪል

ሜሳ
ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1984

ወንድሜ፣

ሚስጥርህን ቅበረው። እኔ እንደሆን የአውራጃው ጋዜጣ እዚህ ድረስ ይመጣልኛል። የሮይስ ሃጌስታድ ጎተራ ነገር ነው አይደል? ያቺ ድርቆሽ የምትጭነው ልጅ፣ ዳርላ ዊንክለር፣ ከድርቆሽ ቆጡ ላይ ሳንቃ ተሰብሮ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረባት። እሷ፣ ወለሉ መበስበሱን እያወቀ አልነገረኝም ትላለች፤ እሱ፣ አስጠንቅቄያታለሁ ይላል። ስለ እሱ የተጻፈውን ቆርጬ ልኬልሃለሁ፣ ከኋላ ያለው የላም ማስታወቂያ ነው፣ ተወው። በሁለተኛው ዓምድ ላይ የጻፉትን አንብብና ምን እንደምታስብ ጻፍልኝ። ለማንም አልናገርም፤ የምነግራቸው ካርታ የሚጫወቱትን ሴትዮዎች ብቻ ነው።

በልተሃል? እንቁላል ብቻ አትብላ።

ቬርና

ብላክ አልደር
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1984

እትዬ ቬርና፣

በልተሃል ወይ ማለትሽ አይቀርም፤ በልቻለሁ። ድንች ነው።

የላክሽውን ቁራጭ ጋዜጣ ለችሎት አስከባሪው አስረክቤዋለሁ፣ ከነደብዳቤሽ። አትቆጪ። ደብዳቤው ላይ ስም አይቼ ነው ያቆምኩት። አንዳንዴ እግዜር ንባብ የነፈገኝ ለበጎ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ቁራጩን አንድ ጊዜ ዓይኑን ጣል አድርጎ ይጨርሰው ነበር። እኔ ከርዕሱ ላይ የመጀመሪያዋን ቃል በጣቴ ይዤ ስቆጥር ምን እንደሆነ ገባኝና አጠፍኩት። ቁራጩ ላይ ምን እንደተጻፈ አላውቅም።

ዳኛው አስጠርተውኝ፣ «ምን ያህሉን አነበቡ?» አሉኝ።

«አንድ ቃል።»

«የትኛውን?»

«‹ጎተራ› የሚለውን።»

«ይህን ያህሉንማ ያውቁት ነበር» አሉ። ከዚያ፣ «የላኩልዎት እህትዎ ናቸው?» ሲሉኝ፣ «አዎ፣ ክቡር ዳኛ፣ ታላቄ ናት፣ መምህርት ነበረች፣ በልጅነቴም ስታስቸግረኝ ነው የኖረችው» አልኳቸው። በዚህ ጊዜ ሳቁ። የጻፍሽውን መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል። ስምሽ እንደተመኘሽው ፍርድ ቤት ገባ።

ከእንግዲህ ስለዚያ ነገር ከጻፍሽልኝ ፖስታሽን ሳልከፍት ነው የምሰጣቸው። ስለ አየሩ ጻፊልኝ፣ ስለ ካርታ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አንድ የቸገረን ነገር አለ፣ ይህ ስለ ጉዳዩ አይደለም። ከስድስታችን አንዷ ልጇ ሳምባውን ታሞባት ተሰናበተች። ተጠባባቂው በእሷ ቦታ ገባ። ከእንግዲህ ተጠባባቂ የለም። ከመሀላችን አንድ ሰው ከጎደለ የተሰማው ሁሉ ይፈርሳል፣ በሌላ ጁሪ ከመጀመሪያው ይጀመራል ማለት ነው። ስለዚህ በደረጃው ላይ በረዶ እንዳያዳልጠኝ በጎን በኩል እንደ ዳክዬ ነው የምወርደው።

ኦርቪል

ብላክ አልደር
ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1984

እትዬ፣

አይ፣ አልተቀየምኩሽም፤ ይቅርታሽ ደርሶኛል። ብርቱካኑም ደርሶኛል።

ዛሬ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ለዳኛው ሳልነግር ለአንቺ መጻፌ ደግ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይህን ደብዳቤ ነገ ለእሳቸው ከተናገርኩ በኋላ ነው ፖስታ ቤት የማስገባው።

ከችሎት ስወጣ በረዶው ከነነፋሱ መጥቶ ነበር። ከድልድዩ በታች ባለው ቁልቁለት አንዲት መኪና አፍንጫዋን የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ቀብራ አየሁ። አባባን ታስታውሺያለሽ። በብርድ ቦይ የገባን ሰው ትቶ የሚያልፍ ሰው እዚህ አገር አልተወለደም፤ ቢወለድም አላሳደግነውም። እግሬ ሳላዝዘው ፍሬኑን ያዘ። ሰንሰለቴን ይዤ ወርጄ፣ መስኮቱ ዘንድ ጎንበስ ስል ነው ማን እንደሆነ ያየሁት።

ከሁለቱ ባለጉዳዮች አንዱ ነው። ሰውዬው ይሁን ሴትዮዋ አልልሽም።

ምን ላድርግ? የሚቀጥለው ቤት ሩቅ ነው፣ በረዶው በየደቂቃው ይብሳል። ትቼው ብሄድ ሕጉን ጠበቅሁ፣ ሰው በብርድ ሞተ። ቃል ሳልተነፍስ ሰንሰለቱን አሰርኩ። «አቶ ቴስዳል፣ እርስዎ እኮ—» ሲለኝ እጄን እንደ ትራፊክ አነሳሁበት። መሪውን ወደየት እንደሚያዞር በጣቴ አሳየሁት። ጎትቼ አወጣሁት። ሲያመሰግነኝ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ከአፌ የወጣ ነገር ቢኖር ሰንሰለቱ ጣቴን ሲቆነጥጠኝ ያወረድኩት ስድብ ነው፣ እሱም ለሰንሰለቱ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ማንም አላየኝም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ያኛውም ወገን አያውቅም፣ እኔም እንደያዝኩት ቀጥ ብዬ እፈርዳለሁ። ነገር ግን ያኛው ወገን ቢያውቅ ምን ይላል? ስለዚህ ነገ እናገራለሁ።

የምፈራው ለራሴ አይደለም። ያባርሩኝ፣ እንቁላሌ ይጠብቀኛል። ነገር ግን አንድ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ደግሞ ማውራት የማይፈልገውን ነገር በሰው ሁሉ ፊት ተናግሯል። ስትናገር፣ ወይ ሲናገር፣ የኔም ዓይን ደህና አልነበረም። እኔ ከወጣሁ ያንን ሁሉ እንደገና ለማያውቃቸው ሰዎች ሊናገር ነው። በአንድ የበረዶ ሰንሰለት ምክንያት።

ጸልዪልኝ አልልሽም፣ ሳልልሽም ታደርጊዋለሽ።

ኦርቪል

ብላክ አልደር
ማርች 9 ቀን 1984

እትዬ ቬርና፣

ያለፈውን ፖስታሽን አልከፈትኩትም ነበር፣ አሁን ከፈትኩት። «ማንን ነው የጎተትከው» የሚል ብቻ ነው ያለበት። አንቺ መቼም አትመለሺም።

ረቡዕ ጨርሰናል። ዳኛው ሲያሰናብቱን፣ «ከዛሬ ጀምሮ መናገርም ትችላላችሁ፣ ዝም ማለትም ትችላላችሁ። ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም» አሉ። እኔ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ መርጫለሁ። ጓደኞቼ በዝግ ክፍል ያሉትን እነሱ ካልተናገሩት እኔ አልናገርም። የራሴን ግን እነግርሻለሁ።

የጎተትኳት ዳርላን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ለችሎት አስከባሪው ነገርኩት። ወዲያው ወደ ዳኛው ክፍል አስገቡኝ። ሁለቱ ጠበቆች አሉ፣ ዳርላ በምርኩዟ ተቀምጣለች፣ ሮይስ ሃጌስታድ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሁሉን ተናገርኩ።

ዳኛው፣ «ምን አሏት?» አሉኝ።

«ምንም።»

«በፍጹም?»

«ሰንሰለቱን ተሳድቤያለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ክቡር ዳኛ፣ ሴት ልጅ አለች።»

ዳርላ አንገቷን ደፍታ፣ «ልክ ናቸው፣ የተናገሩት ያንኑ ብቻ ነው። ሊደገም ግን አይችልም» አለች።

የሮይስ ጠበቃ ተነሣ። ወጣት ነው፣ ብልህ ነው፣ ሥራውን ነው የሚሠራው። «ክቡር ዳኛ፣ ከሳሿን ከበረዶ ያወጣ ሰው በተከሳሹ ላይ ሊፈርድ አይገባም። ጁሪው ይበተን ብለን—» ሲል ሮይስ እጅጌውን ያዘው። ያ ሰውዬ እንደምታውቂው በዓመት የሚናገረው ቃል በአንድ ባልዲ ይገባል። «ተቀመጥ፣ ልጄ» አለው።

«አቶ ሃጌስታድ፣ ይህ እርስዎን ነው የሚጠቅመው—»

«ተቀመጥ። ኦርቪል አልፏት ሄዶ ቢሆን ነበር የምቃወመው። ቦይ የገባን ሰው ጥሎ በሚያልፍ ሰው አልዳኝም።»

ዳኛው ተቆጡት። በጁሪ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይባልም፣ ይህም ራሱ ልብ መግዣ ይሆናል አሉት። ባርኔጣውን አገላብጦ፣ «ይቅርታ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ቴስዳል፣ ይህን ሰምተዋል። አሁን ትተውት ሊፈርዱ ይችላሉ?»

እትዬ፣ አዎ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አልወጣልኝም። «አላውቅም፣ ክቡር ዳኛ። ትናንት ሴትዮዋን አዘንኩላት፣ ዛሬ ሰውዬውን አከበርኩት። ሁለቱንም በር ላይ ልተዋቸው እሞክራለሁ» አልኳቸው።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ቶሎ አዎ ከሚለኝ ሰው ይልቅ እርስዎን አምናለሁ» አሉና ሁለቱን ጠበቆች ጠየቋቸው። ሮይስ ጠበቃውን አየው። ጠበቃው ተቃውሞ የለንም አለ፣ የዳርላም ጠበቃ እንዲሁ። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

አሁን የከበደኝን ልንገርሽ። የቀሩትን ቀናት ሁሉ ሮይስን ባየሁት ቁጥር ያ ቃሉ ይመጣብኛል። ይህን ያህል ሰው የሆነን ሰው እንዴት አጥፍተሃል እለዋለሁ? ሲመጣብኝ ደግሞ እንዳላደላለት ብዬ ወደ ዳርላ እሸሻለሁ። ያም ማድላት ነው።

በዝግ ክፍል ሰብሳቢ ያደረግናት ጆሊን የምትባል ፀጉር ሠሪ ናት። ገና ልጅ ናት፣ ማስቲካ ታኝካለች። መጀመሪያ ቀን ሳያት ይህቺ ደግሞ ምን ልታውቅ ብዬ ነበር፣ ሰው በሩን ሲከፍት እፈርዳለሁ ብዬሻለሁ አይደል። «ማን ያሸንፍ የሚለውን ማንም እንዳይናገር። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው የሰማውን ይናገር» አለችን። አንዱ የሌላውን አፍ ሲነጥቅ እጇን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች፣ አትጮህም። ቶሎ እንጨርስና ወደ ላሞቻችን እንሂድ ላለው ሰው፣ «ላሞችህ ነገም ላሞች ናቸው» አለችው። እኔ ተራዬ ሲደርስ ያስጨነቀኝን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው አባባ፣ እርስዎ መጨረሻ ይናገሩ» አለችኝ። «የኛን ሁሉ ይስሙና ከዚያ የራስዎ ድምፅ ምን እንደሚል ያዳምጡ።»

አባባ ያለችኝ ማንም የለም፤ ልጅ አልወለድንም። መጨረሻ ተናገርኩ።

የተናገርኩት ይህን ነው። ሮይስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የዳርላ ጠበቃ፣ «እርስዎ ራስዎ በዚያ ሳንቃ ላይ ይራመዱ ነበር?» ሲለው፣ «አይ፣ በግድግዳው በኩል ነው የምዞረው» አለ። «ለእሷ ነግረዋታል?» «ወለሉን ተጠንቀቂ ብያታለሁ።» «የቱ ጋ እንደሆነ ነግረዋታል?» ያን ጊዜ ሊዋሽ ይችል ነበር፣ ከሁለቱ በቀር ቆጡ ላይ ማንም አልነበረም። «አይ» አለ። «የቱ ጋ እንደሆነ አልነገርኳትም።» እውነተኛ ሰው ነው፣ እትዬ። የተሸነፈውም በእውነቱ ነው። እኔ ያከበርኩትን ሰው ቃል ልቀበል ካልኩ ይህንንም ቃሉን መቀበል አለብኝ።

እሷም ተጠንቀቂ ተብላ ሳለ ድርቆሽ ተሸክማ ሮጣለች፤ የጥፋቱ ትንሹ ድርሻ የእሷ ነው አልን። ትልቁ የእሱ። ስድስታችንም ተስማማን።

ፍርዱ ሲነበብ ዳርላ አልሳቀችም። ሮይስ ባርኔጣውን አድርጎ ማንንም ሳያይ ወጣ። ዳኛው አንድ በአንድ ጨበጡን። ዳኛ ማለት ከፍ ያለ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ዳኛ ማለት ላም አላቢ፣ ፀጉር ሠሪና ጡረተኛ የሆኑ ስድስት ሰዎችን ዝቅ ብሎ የሚያምን ሰው መሰለኝ።

ካፌ ተመልሻለሁ። ጊልበርት ማንን ሰቀልክ ብሎ አልጠየቀኝም። ቡናዬን ከፈለልኝ።

ኦርቪል

ሜሳ
ማርች 16 ቀን 1984

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካርታ የሚጫወቱት ሴቶች እንድነግራቸው ቢለምኑኝ አልነገርኳቸውም። ቁራጭ ጋዜጣውን በመላኬ አሁን ነው ያፈርኩት፤ ያን ጊዜ ይቅርታ ያልኩህ ተቆጥተህ ስለነበር ነው።

ኤልቪራ ብትኖር ይህን በአንድ ገጽ ታሳጥረው ነበር። እኔ ግን የአንተኛው ይሻለኛል።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሮይስ በመንገድ ሲያገኝህ ጣቱን ያነሳልሃል ወይ? መልሱ ሲመጣ ጻፍልኝ፤ ካልመጣም እንደዚያው።

ቬርና

ብላክ አልደር
ማርች 26 ቀን 1984

እትዬ ቬርና፣

መልሱ መጥቷል።

ሮይስ ለሦስት ሳምንት የት እንደገባ አላውቅም ነበር። መኖ ሱቅ አልመጣም፣ ቤተ ክርስቲያንም አላየሁትም። ከሩቅ ፒካፑን ያየሁ በመሰለኝ ቁጥር ጣቴን አዘጋጃለሁ፤ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። በዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ጣቱን ያነሳልኝና የነፈግኩት እሱ ነበር። ዕዳ አለብኝ ማለት ነው፣ በኔ ዘንድ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም።

ዛሬ በረዶው ሲቀልጥ በወፍጮው መንገድ ላይ ፊት ለፊት ገጠመኝ። ተራው የኔ ስለሆነ ጣቴን አስቀድሜ አነሳሁ። እጁ ከመሪው አልተንቀሳቀሰም። አለፈኝ። እንግዲህ ይሁን አልኩ፣ መብቱ ነው።

በመስተዋቱ ሳይ የኋላ መብራቱ በራ። ቆመ። ወደ ኋላ እየነዳ መጥቶ ከጎኔ አቆመና መስኮቱን አወረደ። ቀጥታ መንገዱን ነው የሚያየው፣ እኔን አይደለም።

«ኦርቪል።»

«ሮይስ።»

«የቆጡን ወለል ቀየርኩት።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«በምን እንጨት?»

«በኦክ።»

«እንግዲያው ልጆችህም አይቀይሩትም።»

«ያቺ ልጅ ትናንት መጥታ አየችው። መሰላሉን ልትወጣ አልቻለችም፣ ከታች ሆና አየችው» አለ። ሌላ የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁት። ባልዲው አለቀበት መሰለኝ፣ መስኮቱን ዘጋ። ከመንቀሳቀሱ በፊት ግን ያችን ጣቱን ከመሪው ላይ አነሳት።

ይህን ለፈለግሽው ሰው ንገሪ። የከለከለኝ የለም።

ወንድምሽ ኦርቪል